ዘጠና ቪዲዮ ለማን ነው?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከደሴ ነው። ለቦታ ስንል ጥቂት አሳጥረነዋል።

«ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። ያለኝ ሁለት ማሽን ነው፤ በአንዱ እኔ እሠራለሁ፣ በሌላው አንዲት ልጅ ቀጥሬያለሁ። የሐበሻ ቀሚስ፣ የሚዜ ልብስ፣ አባያ፣ በክረምት ደግሞ የተማሪ ዩኒፎርም እንሰፋለን። ተጋግዘን በሳምንት ስምንት ልብስ ብናወጣ ነው። ኪራዩ፣ ክሩና የልጅቷ ደመወዝ ሲነሳ ከአንዱ ልብስ 750 ብር ገደማ ይተርፈኛል።

አምና የአክስቴ ልጅ ‹ዛሬ ያለ ሶሻል ሚዲያ ንግድ የለም› ብላ ቲክቶክ፣ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቴሌግራም ከፈተችልኝ። በቀን ሦስት ጊዜ ፖስት ካላደረግሽ ሰው ይረሳሻል አለችኝ። እኔም ማታ ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ስልክ ላይ ነኝ። ባለቤቴ ‹ያገባሽው እኔን ነው ስልኩን?› ይለኛል። አንዱን ቪዲዮዬን 41 ሺህ ሰው አየው። ‹ዋጋ ስንት ነው?› የሚል ኮሜንት ብቻ ከ200 በላይ መጣ። እሱን ስመልስ ሰነበትኩ። የተሸጠው ሁለት ቀሚስ ነው። በዚያው ሰሞን የቋሚ ደንበኛዬን ቀሚስ ለእህቷ ሠርግ ሳላደርስ ቀረሁ፤ እስከ ዛሬ እንደተቀየመችኝ ናት።

አሁን ደግሞ አንድ ልጅ ‹በወር 6,000 ብር ክፈዪኝ፣ ሁሉንም እኔ ልያዝልሽ› አለኝ። ልስጠው? ወይስ ሁሉንም ዘጋግቼ ስፌቴ ላይ ልቀመጥ? በቀንስ ስንት ሰዓት ነው ለዚህ ነገር መስጠት ያለብኝ?

ግራ የገባኝ ልብስ ሰፊ፣ ከደሴ»

እህቴ፣ አብሽሪ። ብዙ ሰው ምክር ሲጠይቅ «ሥራ ቀዝቅዟል» ብሎ ያቆማል። አንቺ ግን ስንት እንደምትሰፊ፣ ስንት እንደሚተርፍሽ፣ ስንት እንደሸጥሽ ጽፈሽልኛል። እንግዲያው ከሱ እንነሳ።

በሳምንት ስምንት ልብስ በወር ሠላሳ ሁለት ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሹን የሚያሠሩሽ የድሮ ደንበኞችሽ ናቸው እንበል። ሠርግ ሲመጣ ደግሞ አንዲት ሙሽራ ብቻዋን አራት አምስት የሚዜ ቀሚስ ይዛ ትመጣለች። ስለዚህ በወር የሚያስፈልጉሽ አዲስ ደንበኞች ዐሥር፣ ግፋ ቢል ዐሥራ አምስት ናቸው። በቀን ሦስት ፖስት ማለት ደግሞ በወር ዘጠና ነው። ዘጠና ቪዲዮ ለዐሥራ አምስት ሰው!

እስቲ ነገሩን ገልብጠን እንየው። ከነዚያ 41 ሺህ ተመልካቾች ሃምሳዎቹ በአንድ ጊዜ «እሺ፣ ልኬቴን ውሰጂ» ቢሉሽስ? በሁለት ማሽን ከስድስት ሳምንት በላይ ይፈጅብሻል። ሌላ ሥራ ሳትነኪ ማለቴ ነው። ግማሾቹ ቀናቸው አልፎ ይቀየሙሽ ነበር። አንዷን ቋሚ ደንበኛ እንኳ ሳታደርሺላት ቀርተሽ የለ?

ተመልካች ሞልቶሻል። ያጠረሽ እጅና ሰዓት ነው። ከዚህ በታች የምልሽ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው፤ ሰዓትሽን የሚበላብሽን ነገር ቀንሺ፣ ልብስ የሚያሠራሽን ሰው አጥብቀሽ ያዢ።

በቅድሚያ ግን ያቺን ደንበኛሽን ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያት። በቴክስት አይደለም፣ በአካል። የሚቀጥለውን ስፌቷን በነፃ ሥሪላት። ከ750 ብር በላይ ያስወጣሻል፤ ይውጣ። ደሴ ትልቅ ከተማ ናት ቢባልም ቡና ላይ የሚወራው ነገር ከሆጤ ሰፈር ሮቢት ሰፈር ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። አራት ቦታ መክፈትሽ ነው መጀመሪያ ያደከመሽ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፤ አንቺ አራት ዛፍ ላይ ነሽ። ሁለቱን ያዢ፤ ቲክቶክንና ቴሌግራምን። ሥራቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

ቲክቶክ የማያውቅሽ ሰው እንዲያይሽ ነው። ቪዲዮሽን የሚያቀርበው በዋናነት የሰውየውን ዝንባሌ ተከትሎ ነው። ቀሚስ ማየት ለሚወድ ሰው ሞያሌም ይኑር መቀሌ ይልክለታል። ያ ሰው «ዋጋ ስንት ነው?» ብሎ ጽፎ ወደሚቀጥለው ቪዲዮ ያልፋል፤ ደሴ ድረስ መጥቶ የሚለካ አይደለም። 200 ኮሜንት ሁለት ቀሚስ የሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰከንዶች ውስጥ «ደሴ፣ ፒያሳ ነን» በዪ። በጽሑፍም ቪዲዮው ላይ ይታይ። የሩቁ ሰው ቢያልፍ ጉዳትሽ አይደለም። የደሴው፣ የኮምቦልቻው፣ የሐይቁ ሰው ግን ቆም ይላል። ተመልካችሽ ከ41 ሺህ ወደ ሁለት ሺህ ሊወርድ ይችላል። አትደንግጪ።

ቴሌግራም ደግሞ ሱቅሽ ነው። ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ይሁን፤ ግሩፕ ከሆነ ሌሊት እየገባ የራሱን ማስታወቂያ የሚለጥፍ አይጠፋም፣ እሱን ስታጠፊ ትውያለሽ። ቻናል ላይ የተቀላቀለሽ ሰው የለጠፍሽውን በቅደም ተከተል ያገኘዋል። ለዚህ አሳየው፣ ለዚያ ደብቀው የሚል አልጎሪዝም መሃል አይገባም። ከእያንዳንዱ ፖስት ሥር ስንት ሰው እንዳየው ቁጥሩ አለ። ከሁሉም የሚጠቅምሽ ግን ቀጠሮ መያዙ ነው። የላኪውን ቁልፍ ተጭነሽ ስትቆዪ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ላክልኝ የሚል ምርጫ ይመጣል። የሳምንቱን አራት ፖስት አንድ ቀን ላይ አዘጋጅተሽ ትሞዪውና እሱ በሰዓቱ እየላከ ይውላል፣ አንቺ ትሰፊያለሽ።

ፌስቡኩን አትዝጊው። በሳምንት አንድ ጊዜ ከቴሌግራሙ ምርጡን ወስደሽ ለጥፊበት። ፌስቡክ ላይ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰውና ውጭ ያለ የወሎ ልጅ አይጠፋም፤ ለእናቱ የበዓል ቀሚስ አሠርቶ ከዚያ ሆኖ የሚከፍል ደንበኛ ማለት ነው፣ እንዲህ ያለው ዋጋ ብዙ አይከራከርም። ኢንስታግራሙን ለጊዜው እርሺው።

አሁን አንድ የሚያናድደኝን ነገር ላውራ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚሉት ነገር። ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ ግን አገር ምድሩ ይዞታል። 200 ሰው ዋጋ የጠየቀሽ ዋጋ ስላልጻፍሽ ነው! ለ200 ሰው አንድ በአንድ መልስ ስትሰጪ ነው እኮ የዚያች ቋሚ ደንበኛሽ ቀሚስ ሳይደርስ የቀረው። «ተፎካካሪዎቼ ዋጋዬን ያዩብኛል» ትዪ ይሆናል። ተፎካካሪሽ ዋጋሽን ማወቅ ከፈለገ እኅቱን ልኮ ያስጠይቅሻል፤ ደብቀሽ የምታስቀሪው ነገር የለም። ዋጋ ሲጻፍ የማይችለው ሰው በዝምታ ያልፋል። ኢንቦክስ የሚመጣው የሚችለው ብቻ ይሆናል።

በእያንዳንዱ ፖስት ላይ አምስት ነገር ይኑር፤ ምን እንደሆነ፣ ዋጋው፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ቀብዱ፣ የት እንዳለሽ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«የሚዜ ቀሚስ፣ ሽፎን፣ ደረቱ ላይ የእጅ ጥልፍ። ጨርቁ ከእኛ ከሆነ ይህን ያህል ብር፣ ጨርቅ ይዘው ከመጡ ስፌቱ ብቻ ይህን ያህል። ከተለኩ በኋላ በ10 ቀን ይደርሳል። ቀብድ ግማሽ። ደሴ፣ ፒያሳ። ለኮምቦልቻ በመኪና እንልካለን።»

በቃ። ግጥም አያስፈልገውም፣ ስሜት የሚነካ ሙዚቃም አያስፈልገውም።

ቀብድ ካልኩ አይቀር፣ በቴሌብርም ሆነ በባንክ ሲልኩልሽ ስክሪንሾቱን አይተሽ አትመኚ። በስልክ የሚቀናበር ደረሰኝ ሞልቷል። ብሩ ራስሽ ሂሳብ ውስጥ መግባቱን ሳታረጋግጪ ጨርቅ ላይ መቀስ አታሳርፊ።

ወደ ሰዓቱ እንሂድ። በቀን ስንት ሰዓት ነው ብለሻል። አሁን ማታ አራት ሰዓት ከሆነ፣ በሳምንት ሃያ ስምንት ሰዓት ነው። እኔ የምልሽ በሳምንት ስምንት ሰዓት ይበቃሻል ነው። ሁለቱ ለቀረጻ፣ ስድስቱ ለመልስ። እሑድ ዕረፊ።

ቀረጻውን አንድ ቀን ላይ ጨርሺው። ሰኞ አይሁን፤ ገበያ ነው፣ ሰው ይበዛብሻል። ረቡዕ ወይ ሐሙስ ይሻላል። ክረምት ላይ ነን፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን እንደሚሸፍነው አንቺም ታውቂዋለሽ። በጉም ሰዓት የተቀረጸ ቀይ ቀሚስ ቀለሙ ደብዝዞ ይወጣል፣ ከዚያ ደንበኛዋ «ያየሁት ይኼ አይደለም» ትልሻለች። ገለጥ እስኪል ጠብቂ። ልብሱን በሩ አጠገብ አድርጊው፣ ብርሃኑ ከጎን ይምጣለት፣ የጣሪያውን አምፖል አጥፊው። መብራት ቢጠፋብሽም ሥራሽ አይቆምም ማለት ነው። ከመጀመርሽ በፊት የስልክሽን ካሜራ ጥረጊው፤ የማሽን ዘይት በነካ ጣት ተይዞ፣ የጠመኔ ብናኝ ጠጥቶ የዋለ ስልክ ደብዛዛ ነው የሚያነሳው። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ልዩነቱን ግን አንድ ጊዜ አይተሽ ፍረጂ።

ምን ልቅረጽ ካልሽ፣ የሰው ዓይን የሚቆመው ሲሠራ ሲያይ ነው። ጨርቁ ሲቀደድ፣ ጥበቡ ሲያያዝ፣ ደግሞ ልብሱ ተገልብጦ የውስጥ ስፌቱ ሲታይ። ይህን የመጨረሻውን ችላ አትበዪ። ጎበዝ ሰፊ የሚታወቀው በውስጥ ነው፣ ሴቶች ደግሞ ይህን ያውቃሉ። ጫፉ በደንብ ተዘምዝሞ፣ ትርፍ ጨርቅ ለማስፋት ቀርቶለት ሲያዩ «ይቺ ሰው ሙያ አላት» ይላሉ። ይህን የሚያሳይ ሃያ ሰከንድ ቪዲዮ መብራት በበዛበት አዳራሽ ከተቀረጸ የሞዴል ሰልፍ ይበልጥብኛል፣ እኔ ሴት ብሆን ኖሮ ልብሴን የማሠራው ይህን ካየሁበት ቤት ነው።

ደንበኛን ስትቀርጺ አስፈቅጂ። «ደስ ይለኛል» ብትልሽም ፊቷ ይታይ አይታይ ለይተሽ ጠይቂያት። ፊቷ እንዲታይ የማትፈልግ ብዙ ናት፤ ባሏ፣ አባቷ፣ ወይ እሷው ራሷ ላትፈልግ ትችላለች። ከአንገት በታች መቅረጽ ይቻላል፣ ልብሱን በማንጠልጠያ መቅረጽም ይቻላል። ሙሽራ ከሆነች ደግሞ ሠርጉ ሳያልፍ አትልቀቂው፤ ቀሚሷን ሙሽራው ቲክቶክ ላይ ቀድሞ ካየው ጉድ ነው።

የቀረጽሽውን ቲክቶክ ላይ ድራፍት አድርገሽ ብታስቀምጪ፣ ድራፍቱ ያለው ስልክሽ ላይ ብቻ ነው። አፑ ከጠፋ ወይ ስልክ ከቀየርሽ አብሮ ይሄዳል። ዋናውን ቪዲዮ ጋለሪሽ ውስጥ አኑሪው።

መልሱን ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ መልሺ፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ አንድ ተኩል። በሌላ ሰዓት ስልኩ ላይ ያለውን የመልእክት ድምፅ አጥፊው፣ ጥሪውን ብቻ ክፍት ተዪው። መጀመሪያ ሰሞን እጅሽን ይበላሻል፣ አውቃለሁ። ግን ለደንበኛ የሚከብደው መቼ እንደሚመለስለት አለማወቁ ነው። ፕሮፋይልሽ ላይ ጻፊው፦ «ለመልእክት የምንመልሰው ከ6፡30 እስከ 7፡00 እና ከምሽቱ 1፡00 እስከ 1፡30 ነው። አስቸኳይ ከሆነ ይደውሉ።» የሚደውል ሰው ሥራ የያዘ ሰው ነው፣ የሚቀልደው አይደውልም።

ደጋግመው የሚጠይቁሽ አምስት ስድስት ነገር ነው። መልሱን አንድ ጊዜ አስተካክለሽ ጽፈሽ ቴሌግራም ላይ ለራስሽ ላኪውና ከዚያ እየቀዳሽ መልሺ። ዋትስአፕ የሚጠቀሙ ደንበኞች ካሉሽ ዋትስአፕ ቢዝነስ የሚባለው በነፃ ነው፤ የተዘጋጀ መልስ ማስቀመጫ አለው፣ ልብሶችሽን ከነዋጋቸው የምትደረድሪበት ካታሎግም አለው።

ስለ ኮምቦልቻ አንድ ነገር ልጨምር። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ግን ለፕሮቫ ሁለት ሦስት ጊዜ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የሚመጣልሽ ሰው የለም። እዚያ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩና ፋብሪካው አለ፣ በየወሩ ደመወዝ የሚያገኙ ብዙ ወጣት ሴቶች አሉ። ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ ሰው እቤቱ ሆኖ እንዴት እንደሚለካ የሚያሳይ ቪዲዮ ሥሪ፤ ደረት የት ላይ፣ ወገብ የት ላይ፣ ሜትሩ ምን ያህል ላላ እንደሚል። ቻናልሽ አናት ላይ ፒን አድርጊው። ሁለተኛ፣ በወር አንድ ቀን ደመወዝ እንደወጣ ሰሞን ኮምቦልቻ ወርደሽ የምትለኪበትና ፕሮቫ የምታደርጊበት ቀን ያዢ። እዚያ ያለች አንዲት ዘመድ ወይ ደንበኛ ቤቷን ብትሰጥሽ ይበቃል። ቀኑን ከሳምንት በፊት ለጥፊው።

አሁን ወደ 6,000 ብሩ። በአንቺ ሂሳብ 6,000 ብር ማለት ስምንት ልብስ ነው። የአንድ ሳምንት ሙሉ ሥራ። ከወሩ አራት ሳምንት አንዱን ለልጁ ትሰፊለታለሽ ማለት ነው። ልጁ ምናልባት ጎበዝ ይሆናል፣ ስሙን ማጥፋቴ አይደለም። ግን ቢሳካለት የሚያመጣልሽ ተጨማሪ ደንበኛ ነው፣ እሱን የምትሰፊበት እጅ ደግሞ የለሽም። ያ ገንዘብ ካለሽ፣ ቁልፍ የምትተክል፣ ጫፍ የምትዘመዝም፣ የምትተኩስ አንዲት ልጅ በግማሽ ቀን ያዢበት። ስምንቱ ዐሥር ከሆነ በወር ስምንት ልብስ ጨመርሽ፤ ደመወዟን ራሷ ቻለች። እየፈጠነች ስትሄድ የሚመጣው ትርፍ ያንቺ ነው።

ልጁን ግን ጨርሰሽ አትመልሺው። «በሳምንት አንድ ቀን ናና የቀረጽኩትን ቆራርጠህ፣ ጽሑፍ አስገብተህ ስጠኝ፣ በቪዲዮ ልክ እከፍልሃለሁ» በዪው። የቀረጻው ሁለት ሰዓትሽ ወደ አንድ ይወርዳል። መልስ ግን አይስጥልሽ። ሽፎኑ ከነገበሩ ነው ወይ፣ ይህ ጥበብ ለአጭር ሴት ይሆናል ወይ ብላ ለምትጠይቅ ደንበኛ እሱ ምን ይላታል? ፓስወርድም አትስጪው። የፌስቡክ ገጽ ላይ ሰው በራሱ አካውንት እንዲሠራ ፈቃድ መስጠት ይቻላል፤ ቴሌግራም ቻናል ላይም አድሚን አድርገሽው ምን ማድረግ እንደሚችል መወሰን ትችያለሽ። ሲለይሽ ታነሺዋለሽ። የቴሌግራም አካውንትሽ ላይ ሁለተኛ ፓስወርድ አድርጊበት፣ በኤስኤምኤስ የሚመጣልሽን ኮድ ለማንም አትንገሪ፣ ለአክስትሽም ልጅ ቢሆን።

ቡስት ላርግልሽ፣ ማለትም ፖስትሽን በክፍያ ለብዙ ሰው ላሳይልሽ የሚልሽም ይመጣል። የፌስቡክ ማስታወቂያ የሚከፈለው የውጭ ምንዛሪ በሚያወጣ ካርድ ስለሆነ ሰዉ በደላላ ነው የሚያሠራው። በወር ዐሥራ አምስት ሰው ለምትፈልጊ ለአንቺ አሁን አያስፈልግሽም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ትልቁን ነገር ልንገርሽ። ከአራቱም አፕ የሚበልጥ የገበያ መሣሪያ ሱቅሽ ውስጥ አለ። የልኬት ደብተርሽ።

አስቢው። እዚያ ውስጥ ስም አለ፣ ስልክ አለ፣ ልኬት አለ፣ ቀን አለ። ሁሉም አንድ ጊዜ ብር ከፍለውሻል። አምና ለእንቁጣጣሽ ማን አሠራ? አምና ነሐሴ ላይ ለሦስት ልጆቿ ዩኒፎርም ያሰፋችው እናት ማናት? ልጆቿ አድገዋል እኮ፣ ያ ሱሪ ዘንድሮ ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። ገልጠሽ በቀን ለሦስት ሰው ደውዪ። ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።

«እንዴት ነሽ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? ያ አምና የሰፋሁላቸው ዩኒፎርም አጥሮባቸው ይሆናል። መስከረም ሳይጨናነቅ ብታመጫቸው ልለካቸው ብዬ ነው።»

ከዚህ በላይ ማስታወቂያ የለም። ለትልልቆቹ «እርስዎ» ማለቱን አትርሺ፤ ለእማማ ስትደውዪ ከጤናቸው ጀምሪ፣ የሚቆጡ ከሆነም ስለ ልብሱ የሚያነሱት እሳቸው ይሁኑ።

ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው። በ2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ ሲቆይ ምን እንደሆነ አንቺው አይተሻል። ደንበኛው ሁሉ ቴሌግራም ላይ ብቻ የነበረ ነጋዴ ባዶ እጁን ነበር የቀረው። ስልክ ቁጥር የያዘው ደውሎ ሠራ። ስለዚህ ቻናልሽን የተቀላቀለ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ሲያዝሽ ስልኩ ደብተር ላይ ይግባ። ደብተሩንም በወር አንድ ጊዜ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሺው፤ ውሃ የነካው ደብተር አይመለስም።

እዚያው ደብተር ላይ አንዲት ዓምድ ጨምሪ። አዲስ ሰው ሲመጣ «ከየት ሰምተው መጡ?» በዪና አንድ ፊደል ጻፊ። ቲ ለቲክቶክ፣ ቴ ለቴሌግራም፣ ሰ ሰው ነግሮት ለመጣ፣ መ በመንገድ ሲያልፍ ያየሽ። ሦስት ወር ቆይተሽ ቁጠሪው። ግማሹ «ሰ» ሆኖ ቢገኝ እኔ አይደንቀኝም። ያኔ ሰዓትሽን የት እንደምትጨምሪ፣ ከየት እንደምትቀንሺ ምክር አትጠይቂኝም።

የቀረው ዓመቱን መከፋፈል ነው። ሶሻል ሚዲያ ላይ ዓመቱን ሙሉ እኩል መጮህ አያዋጣም። ወሎ ውስጥ ልብስ ሰፊ መሆን አንድ ዕድል አለው፤ የሁለቱም ሃይማኖት በዓል ያንቺ ነው። ጥር ሠርግ ነው፣ በዓቢይ ጾም የክርስቲያኑ ሠርግ ይቆምና ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል። ሙስሊሙ ከረመዳን በፊትና ከዒድ በኋላ ይደግሳል። ሰኔና ሐምሌ የተማሪ ምርቃት አለ፣ ነሐሴና መስከረም ዩኒፎርም። የሙስሊም በዓላት በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደሙ ስለሚሄዱ ያለፈውን ዓመት ቀን ይዘሽ አትሸወጂ። ግድግዳሽ ላይ ካላንደር ስቀዪ፣ ከእያንዳንዱ በዓል ወደ ኋላ ስድስት ሳምንት ቆጥረሽ ክበቢው። ቪዲዮ የምታበዢው ያኔ ነው። በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፖስት ማድረግ አቁሚ፤ ያኔ የምትለጥፊው ቪዲዮ የማትሰፊውን ሥራ ነው የሚጠራው።

ለእንቁጣጣሽ ከዛሬ ጀምሪ። ቀሚሱ ከተለካ በኋላ 10 ቀን የሚፈጅ ከሆነ ማዘዣሽ ነሐሴ 20 ይዘጋ። ሥራው ነሐሴ 30 ያልቃል፣ ጳጉሜን ደግሞ ለማስተካከያና ለመብራት መጥፋት ይተርፍሻል። «የእንቁጣጣሽ ትዕዛዝ የምንቀበለው እስከ ነሐሴ 20 ብቻ ነው» ብለሽ ቻናሉ ላይ ፒን አድርጊ፣ በር ላይም በወረቀት ለጥፊ። ከሳምንቱ ስምንት ቦታ ሁለቱን ለቋሚ ደንበኞችሽ ሰውረሽ ያዢ። ከነሐሴ 20 በኋላ «አንዴ ብቻ፣ በናትሽ፣ ወሏሂ ሌላ ጊዜ አልደግመውም» እያለች የምትለምንሽ አትጠፋም። ለመስቀል ቀጠሮ ስጫት።